ሊኖሩበት የሚችሉት ክብደት፦ የፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት የሕይወት ታሪክ

ሐኪምዎ ክብደት እንዲቀንሱ ነግሮዎት ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮዎ የሚመጣው ስንት ኪሎ ልቀንስ የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙም የማይጠየቀው፣ ግን ለጤናዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ከቀነስኩ በኋላ ለዓመታት ልቆይበት የምችለው ክብደት የትኛው ነው? 27ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በመካከሉ አንድ ጊዜ በጣም ቀንሰዋል፣ የቀነሱትን ሁሉ መልሰው ጨምረዋል፣ ከዚያም እንደገና ቀንሰው በመጨረሻ ረግተዋል።

ብዙ ሰው ስለ ታፍት የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀርቅረው ነበር የሚለውን ወሬ ነው። ለዚህ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እውነቱ በ1909 ወደ ፓናማ ሲጓዙ በመርከቡ ላይ ለእሳቸው የሚበቃ ትልቅ ገንዳ መዘጋጀቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀልዱ ዛሬም ድረስ ይወራል፤ ለታካሚ የሚጠቅመው የሰውየው ታሪክ ግን ተረስቷል።

ከጨቅላነት ጀምሮ ትልቅ ሰውነት

ታፍት ሴፕቴምበር 15 ቀን 1857 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አልፎንሶ ታፍት የሕግ ሰው ነበሩ፤ በኋላም የጦር ሚኒስትር ሆነዋል። ልጁ ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜው ከእኩዮቹ የገዘፈና በየቀኑ የሚወፍር እንደነበር እናቱ በደብዳቤያቸው ጽፈዋል። በዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማሩም በከባድ ሚዛን ትግል የዩኒቨርሲቲው ሻምፒዮን ነበሩ። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በ1878 ሲመረቁ ከክፍላቸው ሁለተኛ ወጡ።

ይህን የምንነግርዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ክብደት በምግብ ብዛት ብቻ አይወሰንም፤ ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት አሠራርም ትልቅ ድርሻ አለው። ልጅነታቸውን በሙሉ ቀጭን የነበሩና በአርባ ዓመታቸው የወፈሩ ሰው፣ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ግዙፍ ከነበሩ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ግብ ሊሰጣቸው አይገባም። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በሃያዎቹ ዕድሜዎ ስንት ኪሎ እንደነበሩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደጨመሩ፣ ወላጆችዎ ምን ዓይነት ሰውነት እንደነበራቸው ይንገሩ።

ታፍት የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት። ባለቤታቸው ሄለን ደግሞ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ይፈልጉ ነበር። ከ1901 ጀምሮ በፊሊፒንስ የሲቪል ገዥ ሆነው ሠሩ። እዚያ ሳሉ ታመው ነበር፤ ከሕመሙ በኋላ ወደ ተራራ አገር በፈረስ ረጅም መንገድ ተጉዘው ደኅና መሆናቸውን ወደ ዋሽንግተን በቴሌግራም አስታወቁ። የጦር ሚኒስትሩ መልሰው የጠየቁት ፈረሱ እንዴት እንደሆነ ነበር። ታፍት በቀልዱ ስቀዋል፤ ለሌሎችም ይናገሩት ነበር። ወፍራም ሰው በራሱ ላይ በሚቀለደው ቀልድ አብሮ ሲስቅ ምን እንደሚሰማው ግን ከራስዎ ወይም ከቤተሰብዎ ያውቁት ይሆናል።

በ1905 የተጀመረው ምግብ ቅነሳ

በ1905 መጨረሻ ላይ ታፍት የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ነበሩ። ክብደታቸው 314 ፓውንድ፣ ማለትም 142 ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር። ቃር፣ የምግብ አለመፈጨት፣ ድካምና እረፍት የሌለው እንቅልፍ ያስቸግራቸው ነበር። እንግሊዝ አገር ለነበሩት ዶክተር ናትናኤል ዮርክ ዴቪስ ጻፉ። እኚህ ሐኪም ለወፍራም ሰዎች የሚሆን የምግብ መጽሐፍ ያዘጋጁ በጊዜው የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ሕክምናው በደብዳቤ ነበር።

ትእዛዙ እንዲህ ነበር። ጠዋት ሲነሱ ሙቅ ውኃ በሎሚ። ቁርስ ላይ ያለ ስኳር ሻይ ወይም ቡና፣ ሁለት ሦስት ደረቅ ብስኩት፣ ተመዝኖ የሚቀርብ ጮማ የሌለው ጥብስ። ምሳ ላይ ጥቂት ሥጋ፣ ያለ ቅቤ የተቀቀለ አረንጓዴ አትክልት፣ ያለ ስኳር የበሰለ ፍራፍሬ። እራትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታፍት በየቀኑ ይመዘኑ ነበር፤ ቁጥሩንም መዝግበው በደብዳቤ ይልኩ ነበር።

ሠራ። በ1906 ሚያዝያ አካባቢ ክብደታቸው ወደ 255 ፓውንድ፣ ወደ 116 ኪሎ ወርዶ ነበር። በጥቂት ወራት 27 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ጤንነታቸው እንደተሻላቸው ጽፈዋል፤ በዚያው ልክ ዘወትር እንደሚርባቸውም አልደበቁም።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ረሃቡ የፍላጎት ማነስ ምልክት አልነበረም። ሰውነት ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ረሃብ የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ የጥጋብን ስሜት የሚሰጡት ይቀንሳሉ፤ አካሉም በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል። ይህ ለውጥ ምግብ ቅነሳው ካለቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀንሰው መልሰው ከጨመሩ ራስዎን ሰነፍ ነኝ ብለው አይውቀሱ፤ ቤተሰብም አይውቀስዎ።

ሌላም ነገር አለ። ዝርዝሩ የተጻፈው ለታፍት ሕይወት አልነበረም። እሳቸው ከግብዣ ወደ ግብዣ የሚሄዱ ሹም ነበሩ። በእኛም ዘንድ ሠርግ፣ ማኅበር፣ ተዝካር፣ ዘመድ ጥየቃ አለ፤ እንግዳ ሆኖ ጉርሻ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በተጨማሪም ሲቀንሱ ከስተዋል፣ አሞዎት ነበር ወይ እያለ የሚጠይቅዎ ሰው አይጠፋም። የሐኪም ወረቀት እነዚህን ካላሰበ ወረቀቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ምግብ ቅነሳ ሲታዘዝልዎ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ይህን በጾምም በፍስክም፣ በረመዳንም በዒድም ልቀጥለው እችላለሁ? መልሱ አይሆንም ከሆነ ከጅምሩ ይነጋገሩበት።

ቤተ መንግሥትና እንቅልፍ

ታፍት በ1909 ፕሬዚዳንት ሆነው ሲገቡ የቀነሱት ክብደት ሁሉ ተመልሶ ነበር፤ እንዲያውም ከ150 ኪሎ አልፈው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ባለቤታቸው ሄለን በጭንቅላት የደም ሥር ሕመም፣ ብዙዎቻችን ስትሮክ በምንለው፣ ተመተው መናገር ተሳናቸው። ባልየው አገር እየመሩ ሚስታቸውን ቃል በቃል መልሰው ለማናገር ይረዱ ነበር። ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው የራሱን ምግብ፣ እንቅልፍና ሚዛን ሲረሳ በቤትዎ አይተው ይሆናል። የስፖርት አሠልጣኝ ቀጥረው ነበር፤ ጎልፍም ይጫወቱ ነበር። ሚዛኑ ግን አልወረደም።

ይበልጥ አሳሳቢ የነበረው እንቅልፋቸው ነው። በስብሰባ፣ በምግብ ገበታ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ሰው እያናገራቸው ሳይቀር ያንቀላፉ ነበር። ያን ጊዜ ሰው እንደ ስንፍና ወይም እንደ መሳቂያ ነበር የሚያየው። ከብዙ ዓመታት በኋላ መዝገባቸውን የመረመሩ ሐኪሞች ግን በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ እንደነበረባቸው ይገምታሉ። በአንገት ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሰውየው ሲተኛ የአየር መንገዱን ይዘጋል፤ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይነቃል፤ ይህ በሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የደም ግፊታቸውም ላይኛው ቁጥር 210 ገደማ ደርሶ ነበር። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ የትንፋሽ መቆራረጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል።

ከባለቤትዎ ወይም ከልጆችዎ አንዱ በኃይል እንደሚያንኮራፉ፣ ትንፋሽዎ ቆሞ እንደገና እንደሚጀምር ከነገረዎት፣ ጠዋት ራስ ምታት ይዞዎት ከተነሱ፣ ቀን ቀን በተለይ መኪና ሲነዱ እንቅልፍ ከጣለዎት፣ ክብደት እስኪቀንሱ ሳይጠብቁ ለሐኪም ይንገሩ። ዛሬ ይህን በምርመራ ማረጋገጥና በሚተኙበት ጊዜ አየር በሚገፋ መሣሪያ ማከም ይቻላል። እርስዎ ተኝተው ስለማያውቁት፣ ይህን ሕመም ቀድሞ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ አጠገብዎ የሚተኛው ሰው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ

በ1912 ምርጫ ታፍት ሦስተኛ ወጡ፤ ያሸነፉት ዩታንና ቨርሞንትን ብቻ ነበር። በ1913 መጋቢት ቤተ መንግሥቱን ለቀው በዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊያስተምሩ ኒው ሄቨን ገቡ። ይህ ለፖለቲከኛ ውርደት ነው፤ ለታፍት ግን እፎይታ ይመስላል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ30 ኪሎ በላይ ቀነሱ። የቀን እንቅልፉ ጠፋ። የደም ግፊታቸው ላይኛው ቁጥር ከ40 እስከ 50 ነጥብ ወረደ።

ምን አደረጉ? ራሳቸው በጊዜው እንደገለጹት ዳቦና ድንች ተዉ፤ የአሳማ ሥጋና ጮማ ሥጋ ተዉ፤ ወይን፣ አረቄና ትምባሆ ራቁ። ሌላውን አትክልትና የዶሮ ሥጋ ይበሉ ነበር። ሳልመን የሚባለውን ቅባታም ዓሣም ከልክለው ነበር፤ ውኃም በምግብ ሰዓት ከሁለት ብርጭቆ እንዳይበልጥ ይጠነቀቁ ነበር። እነዚህን ሁለቱን አይከተሉ። የዓሣ ቅባት ለልብ ደግ ነው፤ ውኃ መቀነስም ስብ አይቀንስም።

ከመጀመሪያው ሙከራ ጋር ሲያወዳድሩት ልዩነቱን ያስተውላሉ። የሚመዘን ግራም የለም። ባሕር ማዶ ያለ ተቆጣጣሪ የለም። የሚያስታውሱት ጥቂት ደንብ፣ የሚወዱት ሥራና የተረጋጋ ቀን አለ። እኔ እንደማስበው ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ሠርቷል፤ ሰው በማይወደው ሥራና በጭንቀት ውስጥ ሆኖ ሚዛኑን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። በሕይወትዎ ትልቅ ጭንቀት ባለበት ወቅት ክብደት መቀነስ ካልቻሉ፣ ያንን ወቅት ሳይጨምሩ ማለፍም ራሱን የቻለ ግብ ነው። ሐኪሞች ይህን ክብደትን ባለበት ማቆየት ይሉታል።

111 ኪሎ፣ ለማን?

በ1921 ታፍት የተመኙትን አገኙ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኑ። ፕሬዚዳንትም ዋና ዳኛም የሆነ ሌላ ሰው እስካሁን የለም። በዋሽንግተን ዋዮሚንግ ጎዳና ላይ ከነበረው ቤታቸው ፍርድ ቤቱ ይሰየምበት ወደነበረው የምክር ቤት ሕንፃ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጤናቸው እስኪከለክላቸው ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ዋሽንግተን የሚኖሩ ከሆነ በኮኔቲከት ጎዳና ላይ የአንበሳ ሐውልቶች ያሉበትን ድልድይ ያውቁታል፤ ታፍት በእግር ይንሸራሸሩበት ስለነበር ከሞቱ በኋላ በ1931 በስማቸው ተሰይሟል።

በ1929 ክብደታቸው 244 ፓውንድ፣ 111 ኪሎ ገደማ ነበር። በዛሬው አሠራር እናስላው። ቢ ኤም አይ የሚባለው መለኪያ ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍላል። 111 ለ1.80፣ ውጤቱን እንደገና ለ1.80 ሲያካፍሉት 34 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ይባላል፣ ከ30 በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። በዚህ ስሌት ታፍት 80 ኪሎ ገደማ መሆን ነበረባቸው። አዋቂ ከሆኑ በኋላ 80 ኪሎ ስለመድረሳቸው የሚናገር ነገር የለም።

ታዲያ ወድቀዋል ማለት ነው? አይደለም። ከ154 ኪሎ ገደማ ተነስተው ከአራት እጅ አንዱን የሚበልጥ ክብደት ቀንሰዋል፤ ነቅተው መዋል ችለዋል፤ መራመድ ችለዋል፤ የሚወዱትን ሥራ ወደ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። 111 ኪሎ ለሌላ ሰው ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ ለእሳቸውም ከአደጋ ነፃ አልነበረም። ከነበሩበት ጋር ሲወዳደር ግን በጣም የተሻለ ነበር፤ ደግሞም ሊቆዩበት ችለዋል።

የእርስዎን ቁጥር ከሐኪምዎ ጋር ሲፈልጉም ከሰንጠረዡ ጫፍ አይጀምሩ። አሁን ካሉበት ክብደት ከመቶ ከ5 እስከ 10 መቀነስ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በሚታይ መጠን ሊያሻሽል ይችላል፤ 100 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚሆን ፍጥነት ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። እዚያ ሲደርሱ ጥቂት ወራት ይቆዩና ይዩ፦ ግፊቱ ስንት ነው? ስኳሩስ? ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ ያምዎታል? ሌሊት ደኅና ይተኛሉ? ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ሳያስቡ መዋል ይችላሉ? መልሱ ጥሩ ከሆነ ምናልባት ቁጥርዎ እሱ ነው። ካልሆነ እንደገና ትንሽ ይወርዳሉ። የወገብ ዙሪያዎንም በሜትር ይለኩ፤ ከቁመትዎ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል። ቁመትዎ 1 ሜትር ከ70 ከሆነ 85 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቢ ኤም አይ ስቡ የት እንዳለ አያሳይም፤ ሜትሩ ያሳያል።

ከታፍት የመጀመሪያ ሙከራ የሚወሰድ አንድ ጥሩ ልማድ ደግሞ አለ፤ መመዘንና መጻፍ። በየቀኑ ባይሆን በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሚዛን ይመዘኑ። ከመረጡት ክብደት ሁለት ሦስት ኪሎ ካለፉ ያኔውኑ ማስተካከል፣ ሃያ ኪሎ እስኪሞላ ከመጠበቅ ይቀላል። ሚዛን ላይ መውጣት የሚያስጨንቅዎ ከሆነ፣ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም ከነበረብዎ ግን ይህን አያድርጉ፤ ሌላ መንገድ ከሐኪም ጋር ይፈልጉ።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም የሚያጠቡ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምግባቸውን በራሳቸው በብዛት መቀነስ የለባቸውም። ሳያስቡት ክብደትዎ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ቀጭን ለሆኑ ሰዎችም፣ በተለይ ከረጅም ሕመም ለተነሱ፣ የሚፈለገው ቁጥር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ላይሆን ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ታፍት በ1924 የልብ ሕመም ገጠማቸው። ብዙ ዓመት ከ150 ኪሎ ጋር፣ ከ210 የደም ግፊት ጋርና ባልታከመ እንቅልፍ የኖረ ልብ፣ ክብደቱ ስለቀነሰ ብቻ እንደ አዲስ አይሆንም። በዚያ ዘመን ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚገኙት የደም ግፊት መድኃኒቶች አልነበሩም። ስለዚህ ክብደትዎ ቢወርድም የታዘዘልዎን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ፤ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ከልብ ሕመሙ በኋላም ሥራቸውን አልተዉም። ፍርድ ቤቱ የራሱ ሕንፃ እንዲኖረው ምክር ቤቱን አሳምነው ገንዘብ አስፈቀዱ፤ ሕንፃው ተሠርቶ የተከፈተው ግን በ1935 ነው። በፌብሩዋሪ 1930 ጤናቸው ስለተዳከመ ከዳኝነት ወረዱ። ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ማርች 8 ቀን 1930፣ በ72 ዓመታቸው በዋሽንግተን ቤታቸው ዐረፉ። በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ።